የውሰት አፍ

ጧ!

መጀመሪያ የመጣው ድምፁ ነው። ይሻው ከተቆለሉት አሮጌ ጎማዎች ጀርባ ቆሟልና ሰሌዳውም ተጫዋቾቹም አይታዩትም፤ የሚሰማው ቆርኪ ጣውላ ላይ ሲያርፍ ብቻ ነው። ጧ! ከዚያ የሰዎች ሳቅ። ከዚያ፣ "ብላ እንጂ! በዳማ ጾም የለም፣ ብላ!" የሚል ጎርናና ድምፅ። ከዚያ እንደገና፣ ጧ!

ስልክ ላይ ያለ ዳማ እንዲህ አይጮኽም። ስልክ ላይ ጠጠሯ እንደ ደመና ጥላ ሸርተት ብላ ሄዳ ትቀመጣለች፤ የምትበላዋም ብን ብላ ትጠፋለች፤ የሚስቅ የለም፣ የሚለክፍ የለም። እዚህ ግን ቆርኪ በወረደ ቁጥር የጎማው ቁልል ሁሉ የሚነዝር መሰለው። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ። የጠረገበት ቦታ ነጭ ሆነ፤ ከወፍጮ ቤት በቀጥታ ነው የመጣው።

አሁን ተመልሶ ቢሄድ ማንም አያውቅበትም። ችግሩስ እሱ አይደል? ማንም አያውቀውም።

"ዳማ ዘታቦር" የሚባል የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ደብረ ታቦር ተወልዶ በየአገሩ የተበተነውም፣ ሳይበተን እዚያው የቀረውም፣ አመሻሽ ላይ እየተገናኘ ዳማ ይገጥምበታል፤ የማይገጥመው ቁጭ ብሎ ያያል፣ ይፈርዳል፣ ይሳለቃል። ከአባላቱ አንዱ "የጉና ብርድ" ይባላል። ፎቶ የለውም፤ በፎቶው ቦታ ያለው የተራራ ጉም ነው። አይጽፍም፤ ድምፁን ሰምቶት የሚያውቅም የለም። ዝም ብሎ ይመጣል፣ ዝም ብሎ ይረታል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያሸነፈው አልተገኘም።

የጉና ብርድ ማለት ይሻው ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ውጤት ሳይመጣለት ሲቀር፣ አክስቱ እትዬ አሰፋሽ ወፍጮ ቤታቸው አስገቡት። ወፍጮ ቤት ሰው አይነጋገርም፤ ሞተሩ ከተነሳ ወሬው ሁሉ በእጅና በቅንድብ ነው። ለሌላ ሰው ስቃይ ነው፤ ለይሻው ግን በዚያ ጩኸት መካከል ማንም የማይገባባት የራሱ ጎጆ አለችው። እህሉ ይወርዳል፣ ዱቄቱ ይጨሳል፤ እሱ በግራ እጁ የጆንያውን አፍ ይዞ በቀኝ አውራ ጣቱ ጅዳና ሪያድ የተቀመጠ ሰው ይረታል።

ጓደኛ አለው ከተባለ ያለው አንድ "አዋዜ" ነው፤ እሱንም በስም ብቻ ነው የሚያውቀው። አዋዜ ግሩፑ ውስጥ ተጫውቶ አያውቅም፤ ሥራው መልከፍ ነው። የጉና ብርድ በገጠመ ቁጥር ከች ይልና ተጋጣሚውን በጽሑፍ ይቆላዋል። ሰውየው ለመሸነፍ ሲቃረብ ደግሞ፣ "ሻንጣህን ሸክፍ፣ መኪናው ሊወጣ ነው" ብሎ ይዘጋል። ይሻው ይህችን ባነበበ ቁጥር ወፍጮው ሥር ብቻውን ይስቃል፤ እህል ሊያስፈጩ የመጡት ሴቶች፣ "ምን ነካው ይኼ ልጅ?" ብለው በቅንድብ ይጠያየቃሉ። አዋዜን በሐሳቡ ከሳለው ቆይቷል፦ ጅዳ የሚኖር፣ ቦርጩን የሸሚዝ ቁልፍ የማይችለው፣ ጥርሱ የማይከደን ሹፌር።

ጣጣው የመጣው ከጋሼ ፈንታሁን ነው። ጋሼ ፈንታሁን ወደ ገሳይ በሚወስደው አስፋልት ዳር ጎማ የሚጠግኑ፣ የጎሚስታ ቤታቸውን ደጃፍ የከተማው የዳማ አደባባይ ያደረጉ፣ በምላሳቸው ጎልማሳ የሚያስለቅሱ ሰው ናቸው። በቅርቡ ግሩፑ ውስጥ ገቡና በጉና ብርድ ተረቱ። ደገሙ፤ ተረቱ። ሠለሱ፤ ያው ሆነ። ከዚያ የድምፅ መልእክት ላኩ።

"እኔ ፈንታሁን በዚህ ዕድሜዬ ስንቱን ገጥሜያለሁ! ሰው ይሳሳታል፣ ሰው ይቸኩላል፣ ሰው ሽንቱ ይመጣል! ይኼ አይሳሳት፣ አይቸኩል፣ አይተነፍስ። ማሽን ነው! ከማሽን ጋር ነው የምታጋጥሙኝ!"

ነገሩ እንደ ሰደድ እሳት ተያያዘ። ከዚህ ቀደም የተሸነፈ ሁሉ፣ "እኔም ጠርጥሬ ነበር" እያለ ተነሳ። በመጨረሻ ባጃጅ ነጂው ሞላ፣ የግሩፑ አድሚን፣ ፍርዱን ጻፈ፦ "የጉና ብርድ ሰው ከሆነ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሼ ፈንታሁን ደጃፍ ይምጣና በእጁ ይጫወት። ከሦስት ሁለቱን ካሸነፈ ይቅርታ እንጠይቃለን። ካልመጣ ወይም ከተረታ ማሽን ነው፤ ይባረራል።"

ከሥሩ አዋዜ አንዲት ቃል ጻፈ፦ "ይመጣል።"

ይሻውን ያንገበገበው መባረሩ ብቻ አይደለም። በእርግጥ ከዚያ ከተባረረ የሚሄድበት ሌላ ደጅ የለውም። ግን እነዚያን ሁሉ ጨዋታዎች ያሰባቸው እሱ ነው። እየተኛ ያሰባቸው አሉ፣ ጆንያ ተሸክሞ ያሰባቸው አሉ፣ ቅዳሴ ቆሞ ያሰባቸውና ንስሐ የሚያስፈልጋቸውም አሉ። በሕይወቱ የኔ የሚለው እነሱን ብቻ ነው። አሁን ያን ሁሉ አንስተው ለማሽን ሊሰጡበት ነው።

ከጎማው ጀርባ ወጣ።

ጋሼ ፈንታሁን በርኖሳቸውን ደርበው የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ከአሮጌ የቁም ሳጥን በር የተቆረጠ ነው፤ ጥቁሩ ቤት በመኪና ዘይት የተቀባ ይመስላል። ዙሪያውን ሰው ከቦታል። ሞላ ስልኩን ጎማ ላይ አስደግፎ ነገሩን በቀጥታ ለግሩፑ ያስተላልፋል። ከሰዎቹ ፈንጠር ብላ ብርቱካን የምትባል ወጣት የገብስ ቆሎ ሰፌዷን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች፤ ለፋሲካ ከኩዌት ተመልሳ እዚህ ጥግ ቆሎ መሸጥ የጀመረች ናት።

"አቤት ልጄ፣ ጎማ ተነፈሰብህ?" አሉ ጋሼ ፈንታሁን።

"አይ።" ይሻው አንድ እርምጃ ቀረበ። "እኔ... የጉና ብርድ ነኝ።"

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ ሳቁ ፈነዳ። ጋሼ ፈንታሁን ግን አልሳቁም፤ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት፣ ጆሮው ላይ ዱቄት፣ ጫማው ላይ ዱቄት።

"እኔ ደግሞ ማሽን ሲባል ኮምፒውተር መስሎኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ለካ የወፍጮ ኖሯል! በል አራግፍና ተቀመጥ፤ ሰሌዳዬ ላይ ቂጣ እንዳትጋግርብኝ።"

ሞላ ከስልኩ እያየ ጮክ ብሎ ያነብባል። "ከባሕር ዳር፦ 'ስልኩን ተቀበሉት!' ከሪያድ፦ 'ልጁ አልከሳም? ቆሎ ስጡት!' ይላል።" ይሻው ስልኩን አውጥቶ ለሞላ ሰጠ። ያን ጊዜ እጁ ባዶ ሆኖ ቀረ፤ የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

የመጀመሪያው ጨዋታ ጨዋታም አልነበረ። ጋሼ ፈንታሁን ዝም ይላሉ፤ ሰዉንም ዝም ያሰኛሉ። በዚያ ጸጥታ ይሻው ሲያስብ ይቆይና እጁን ሊያነሳ ሲል፣ እሳቸው ለስለስ ባለ ድምፅ ጣል ያደርጋሉ፦ "እርግጠኛ ነህ?" እጁ ይመለሳል። እንደገና ያስባል፤ እንደገና ሊያነሳ ሲል፣ "እናትህ እዚህ መሆንህን ያውቃሉ?" ሰዉ በአፍንጫው ይስቃል። የይሻው ጆሮ ጋለ፤ ሰሌዳው ላይ የነበረው መንገድ ሁሉ ተደባለቀበት፤ ወፍጮ ቤት ተኝቶ እንኳ የማይስተውን ሳተ። ጋሼ ፈንታሁን በአንድ ዝላይ ሦስት በሉ፤ ወዲያው አንዷን ቆርኪ በሌላዋ ላይ ደርበው አነገሧት፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ለቀማ ነበር።

"ማሽኑ ባትሪ ጨረሰ!" አለ አንዱ።

"ምኑ ማሽን፤ ማሽኑ ቤት ቀረ እንጂ" አሉ ጋሼ ፈንታሁን ቆርኪዎቹን መልሰው እየደረደሩ። "አንድ ቀረህ ልጄ። እሱንም ተረታና በጊዜ ግባ፤ ይዘንባል።"

ሞላ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋ። "አዋዜ ግን የት ገባ? እሱ እንኳ ትንፍሽ አላለም እኮ ዛሬ። ጥሎት ሸሸ!"

ይሻው አንገቱን ደፋ። ያ ቦርጫሙ ሹፌር እንኳ ጥሎታል። ለመነሳት መዳፉን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"አፍ ይዋስ!"

ሰው ሁሉ ዞረ። የተናገረችው ቆሎ ሻጯ ናት።

"አንቺ ደግሞ ቆሎሽን ሽጪ" አሉ ጋሼ ፈንታሁን።

"እየሸጥኩ ነው ጋሼ፤ እጄ ነው የሚሸጥ፣ አፌ ሥራ ፈት ነው።" ብርቱካን አልተነሳችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገች። "ጥርሰዎን የተነቀሉ ጊዜ ጉንጨዎ አብጦ መናገር አቅቶዎት ሞላን አፍ አልተዋሱም? አንቱ በእጀዎ ሲጫወቱ ሞላ ከኋላ ሆኖ ሲለክፍልዎ አልዋለም? ያን ጊዜ ደግ የሆነ ዛሬ ምን ሆነ? ይኼ ልጅ እጅ አለው፤ አፍ ነው የሌለው።"

ሰዉ ተንጫጫ። እውነት ነው፤ ያን ቀን ሁሉም ነበሩ። ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ጋሼ ፈንታሁን ናቸው። ሞላ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ፤ ግሩፑ ውስጥም፣ "ይዋስ! ይዋስ!" የሚል እንደ በረዶ ይወርዳል።

"እሺ ይዋስ" አሉ ጋሼ ፈንታሁን በርኖሳቸውን እየሰበሰቡ። "ማን ነው አፉ?"

"እኔ።"

"ሴት?"

"አፍ አልኩ እንጂ ጢም አልኩ?"

ከሳቁ ብዛት የጎማው ቁልል የሚናድ መሰለ። ብርቱካን ሰፌዷን ይዛ መጣችና ከይሻው ጀርባ ቆመች። አንዲት ፍሬ ቆሎ ወደ አፏ ወረወረች፤ ቀጭ አደረገቻት፤ ከዚያ ጀመረች።

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ደጃፍ ተሰምቶ አያውቅም። ክብር አላጓደለችባቸውም፤ በአንቱታ ነው የለበለበቻቸው። "ኧረ ጋሼን ውኃ አቅምሷቸው፤ በዚህ ብርድ ላብ ምን ይሉታል? ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ ያቺ ቆርኪ ጠባቂ አላት። አይ፣ ከንፈረዎን አይንከሱት፣ ለእራት ይሆንዎታል። እንዴ፣ እዚያ ቀዳዳ ተወላቸው እንዴ? ይቺ በማስቲሽ የምትደፈን አይደለች ጋሼ፣ ይቺ ጎማ ታስለውጣለች! ሞላ፣ ክሪክ አምጣ፣ ጋሼን ከፍ አድርገን ሥራቸውን እንያቸው..." አታቆምም። ትንፋሽ አትወስድም። ቆሎ ትቆረጥማለች፣ ትለክፋለች፣ መሐል ላይ ቆሎ ትሸጣለች፣ ወደ ልከፋዋ ትመለሳለች።

ይሻው መጀመሪያ ደነገጠ። ቀጥሎ ግን አንድ የሚያውቀው ነገር መጣበት። ቃሉን መስማት ተወ፤ የሚሰማው መንጎዱን ብቻ ሆነ፤ የማይቆም፣ እኩል የሚሄድ፣ ከጀርባው የሚያጉረመርም ድምፅ። ወፍጮው ተነሳ። ለካ እሱ የሚፈልገው ጸጥታ አልነበረም። በዚያ ጩኸት መሐል ያቺ ጎጆው በሯን ከፈተችለት፤ ገባ፤ ሰሌዳው ጠራ። ጥቁሩ ቤት ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ሆነ፤ እያንዳንዱ ቆርኪ የሚሄድበትን መንገድ እንደ ክር ዘርግቶ አሳየው።

ጋሼ ፈንታሁን "እርግጠኛ ነህ?" ለማለት አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ብርቱካን አስቀድማ፣ "እሱስ እርግጠኛ ነው፤ ለራሰዎ ይጠይቁ!" ትላለች። ሁለተኛውን ጨዋታ ይሻው ረታ። እንዴት እንደረታ ሰዉ ሳያየው ነው ያለቀው።

"አንድ ለአንድ!" አለ ሞላ በስልኩ። "ጅዳዎች እየዘለሉ ነው! አንዱ ሻይ ደፍቻለሁ ይላል!"

ለሦስተኛው ጋሼ ፈንታሁን በርኖሳቸውን ወደ ኋላ ወርወር አድርገው እጅጌያቸውን ጠቀለሉ። ቀልዱ ቀረ። ሰውየው እንዲያው በምላስ ብቻ የከበሩ አልነበሩም፤ ዳማ ያውቃሉ። አንዷን በአንዷ እየደገፉ፣ ማዕዘኑን ይዘው፣ እንደ ግንብ ሠሩት። ይሻው በግራ ቢሄድ ዘጉ፤ በቀኝ ቢሄድ ዘጉ። ካፊያ ጀመረ፤ የሄደ ሰው የለም። አንዱ ጋቢውን ዘርግቶ ሰሌዳውን ከለለላቸው። መንገድ ላይ የቆመ ሚኒባስ ሹፌር እንኳ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያያል፤ ረዳቱ፣ "ገሳይ! ነፋስ መውጫ!" ማለቱን አልፎ አልፎ ይረሳል።

ይሻው ግንቡን አየው። አየው፤ አየው። በእንቅልፉ የሚያያትን ዓይነት አንዲት ቀጭን መንገድ መሐል ላይ አገኘ። ግን ሁለት ቆርኪ መስጠት አለበት። ቢሳሳት አለቀ።

ቆርኪዋን አነሳ። እስከዚያ ድረስ እንደ ስልኩ ነበር የሚጫወተው፤ ሳብ አድርጎ ያስቀምጥ ነበር። ይህችን ግን ከፍ አድርጎ አወረዳት።

ጧ!

ጋሼ ፈንታሁን ቀና አሉ። ሰሌዳውን አዩ፤ ይሻውን አዩ። መብላት ግዴታ ነው፤ ግን እጃቸው አልተንቀሳቀሰም። ብርቱካንም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዝም አለች።

"ይብሉ እንጂ ጋሼ" አለ ይሻው። ድምፁን ራሱም አላወቀው። "በዳማ ጾም የለም።"

ሰዉ "ውይ!" አለ። ጋሼ ፈንታሁን በሉ፤ አንድ፣ ሁለት። ቆርኪያቸው ሄዳ ዳር ላይ አረፈች። ከኋላዋ ግንቡ ተከፍቶ ቀረ።

ከይሻው ትከሻ በላይ ብርቱካን ቀስ ብላ፣ ማንም ላይ ሳትጮህ፣ "እንግዲህ ሻንጣዎን ይሸክፉ ጋሼ" አለች። "መኪናው ሊወጣ ነው።"

የይሻው እጅ አየር ላይ ቀረ።

ዞር ሊል ፈለገ፤ አልቻለም። ያ ጅዳ ያለው ሹፌር፣ ቦርጩ፣ የተከፈተው የሸሚዝ ቁልፍ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ብን ብሎ ጠፋ። በምትኩ ከጀርባው ገብስ የምትቆረጥም ሰው ቆማለች። ስንት ቀን አስቆታል ይህ አፍ፤ የሰው አገር ማድ ቤት ውስጥ ሆኖ።

"ጨርስ እንጂ" አለችው፤ ለሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

ጨረሰ። ጧ! ጧ! ጧ! በግራ፣ በቀኝ፣ እንደገና በግራ፤ ሦስቷን ዘልሎ መጨረሻው መስመር ላይ አረፈ፣ ነገሠ። ጋሼ ፈንታሁን የቀሯቸውን ቆርኪዎች አንድ በአንድ በዓይናቸው ጎበኟቸው። የሚሄድበት ያለው የለም።

በዚያ ደጃፍ የተረታ ይነሳል። ጋሼ ፈንታሁን ተነሱ። በርሜሏ ከሥራቸው ስትወጣ ያየ ሰው አልነበረምና ሁሉም ትንፋሹን ያዘ። መጡና የይሻውን ጉንጭ በሁለት ጣታቸው ቆነጠጡት። ጣታቸው ላይ የቀረውን ዱቄት አዩት።

"ሥጋ ነው!" ብለው ጮኹ። "ትኩስ ሥጋ ነው! ሞላ፣ ንገራቸው፣ ሰው ነው በላቸው! ሰው ነው የረታኝ፣ እሰይ!"

"ሰው ነው!" አለ ሞላ ለስልኩ። "ሰው ነው!" አለ ደጃፉ ሁሉ። የሚኒባሱ ሹፌር ጡሩምባውን ነፋ፤ አንድ ባጃጅ ተቀበለው፤ ከወዲያ የቆመ የጭነት መኪናም በወፍራሙ አሰማ። ይሻው ለረጅም ጊዜ ያልመጣበት ነገር መጣበት፤ አፉን ከፍቶ፣ ሰው መሐል፣ በድምፁ ሳቀ። ሳቁ እያለ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል።

"ብርድ ራሱ ሲንቀጠቀጥ ዛሬ ገና አየሁ" አሉ ጋሼ ፈንታሁን። በርኖሳቸውን አውልቀው ትከሻው ላይ ጣሉለትና በትከሻው ይዘው በርሜሏ ላይ አስቀመጡት። "በል እዚህ ተቀመጥ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሌላ ቦታ እንዳላይህ። አፍህንም ይዘህ ና።"

አፉ። ይሻው ዞረ።

ብርቱካን ስልኳን በሁለት አውራ ጣቷ ነካ ነካ አድርጋ ኪሷ ከተተች። ሰፌዷን አንስታ መጣችና የተረፈውን ቆሎ በሙሉ ሰሌዳው ላይ፣ በቆርኪዎቹ መሐል፣ ገለበጠችው።

"አንቺ ነሽ?" አላት።

ቀጥ ብላ አየችው። "የውሰት አፍ ይመለሳል" አለችው፤ "አንተም የራስህን አግኝተሃል።" ባዶውን ሰፌድ ብብቷ ውስጥ አደረገች።

"ቆይ እንጂ! አዋዜ ማለት አንቺ..."

"ገሳይ፣ ነፋስ መውጫ! አንድ ሰው!" አለ ረዳቱ።

"እንዴ!" አለ ሞላ ከወዲያ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። "አዋዜ ግሩፑን ለቀቀ ይላል። አሁን፣ በዚህ ሰዓት? ምን ሆኖ ነው?"

ብርቱካን አስፋልቱን በካፊያው ተሻገረች። አንድ እግሯን ሚኒባሱ ላይ አወጣች፤ ነጠላዋን ሰበሰበች፤ ገባች። ረዳቱ በሩን ዘጋው፤ መኪናው ወጣ።